የአርባ አምስተኛው ለጋሽ ደም

ተከታታይ ታሪክ

ክፍል አንድ፦ ስም የሌላት ካርድ

አጎቴ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ የተዝካሩ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ፣ እናቴ ከአልጋው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈተች። ውስጧ ብዙ ነገር አልነበረም፤ የታጠፈ ጋቢ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ላስቲክ የለበሰች ትንሽ ካርድ። ካርዷ ላይ ስም የለም። ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው።

"ይቺ የደሙ ካርድ ናት" አለች እናቴ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በወንጂና በአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ የኤችአይቪ ጥናት ያካሂዱ ነበር። ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛ በየስድስት ወሩ ይቀርባል፣ ይመረመራል፣ ደም ይሰጣል። አጎቴ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። በዚያን ጊዜ የበሽታው ስም በቤታችን አይጠራም። "ያ በሽታ" ነው የሚባለው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሞተው በ"ሳንባ" ነው። አጎቴም በ"ሳንባ" ሞተ። መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እሱ አልደረሰበትም።

እናቴ ካርዷን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ስታገላብጥ ቆየችና ጠየቀችኝ፦

"ልጄ፣ ያ ሁሉ ደም የት ገባ?"

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋን እንደ ሥራ ይዤ የተነሣሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ይህን ታሪክ በየሳምንቱ የምጽፈውም ለእሷ ነው። የእናቴ ክንድ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ጠባሳ አለ፤ የፈንጣጣ ክትባት ምልክት። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ክትባት ሰው እንደሚያድን እናቴ የምታውቀው ከክንዷ ነው። "ለዚያኛው አንዲት ጭረት በቃችው፤ ለዚህኛው ምን ገዶት ነው?" ትላለች።

ያን ጥያቄ ታላላቆቹም ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1984 የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ሄክለር ዋሽንግተን ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስበው የኤድስ መንስኤ የሆነው ቫይረስ መታወቁን አበሠሩ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥም ለሙከራ የሚደርስ ክትባት እንደሚኖር ተስፋቸውን ገለጹ። ሁለት ዓመቱ አለፈ፤ ክትባቱ የውሃ ሽታ ሆነ።

ተመራማሪዎቹ ሰንፈው አይደለም። ክትባት ሰውነት ጠላቱን ከመምጣቱ በፊት እንዲያውቀው ያደርጋል። በደማችን ውስጥ ያሉ ቢ የሚባሉ ነጭ ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ይሠራሉ። አንቲቦዲ ቅርጹ እንደ ባላ ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ቫይረሱን ይይዝና ወደ ሕዋስ እንዳይገባ ይጠፍረዋል። ፈንጣጣ መልኩን እምብዛም ስለማይቀያይር አንድ ጊዜ የታወቀ እንደታወቀ ይቀራል። ኤችአይቪ ግን ሲባዛ ይሳሳታል፤ ስህተቱም ነው የሚያድነው። በአንድ ታማሚ ሰውነት ውስጥ ያለው የቫይረሱ መልክ ብዛት በዓለም ዙሪያ በአንድ ዓመት ከሚታየው የኢንፍሉዌንዛ ልዩነት ጋር ይነጻጸራል። አንቲቦዲው አንዱን መልክ ለይቶ ሲደርስ ቫይረሱ ሌላ ለብሶ ጠብቆታል።

ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ላዩን በስኳር ይሸፍናል። የውጪው ፕሮቲን ክብደት ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ ያ ስኳር ደግሞ የገዛ ሕዋሳችን የሠራው ነው። ስለዚህ የሰውነት ጠባቂዎች ቫይረሱን ሲያዩት የራሳቸው ወገን ይመስላቸዋል። ዕድሜውን ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረው አጎቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያው ትልቅ የክትባት ሙከራ ከሸፈ። በ2007 ሌላው ተቋረጠ። በ2009 ታይላንድ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ 31 በመቶ ያህል መከላከል ታየበት፤ ለተስፋ የሚበቃ፣ ለክትባትነት የማይበቃ።

በዚያው ሰሞን በሜሪላንድ ግዛት ቤተስዳ ከተማ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የክትባት ምርምር ማዕከል፣ አንድ የደም ናሙና ተመራማሪዎቹን አላስተኛ አለ። የሰጠው ሰው አፍሪካ-አሜሪካዊ ነው፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ለዓመታት ኖሯል። ስሙ አልተገለጸም። በመዝገቡ ላይ የሚጠራው "ለጋሽ 45" ተብሎ ነው። የደሙን ውሃ ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ የኤችአይቪ ዝርያዎች ጋር ሲቀላቅሉት ቫይረሶቹ ሕዋስ መውረር እያቃታቸው ይቀራሉ፤ አንዱ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ።

የማዕከሉ ተመራማሪዎች እነ ጆን ማስኮላ፣ ጋሪ ናቤልና ፒተር ክዎንግ ይህን የሚያደርገው የትኛው አንቲቦዲ እንደሆነ ለማወቅ ወጥመድ ሠሩ። ኤችአይቪ ወደ ሕዋስ የሚገባው ሲዲ4 የተባለውን በር በመያዝ ነው። በሩን የሚይዝበት ስፍራ ብቻ ሊለወጥ አይችልም፤ ከለወጠው መግባት ያቅተዋል። ስለዚህ የቫይረሱን የውጪ ፕሮቲን ወስደው ከዚያች ስፍራ በቀር ሌላውን ገጽታ ሁሉ እንግዳ አደረጉት። ሁለተኛም ሠሩ፤ በዚህኛው ያቺን ስፍራ ራሷን አበላሹ። የመጀመሪያውን የሚይዝ፣ ሁለተኛውን የማይዝ ሕዋስ ከተገኘ የተፈለገው እሱ ነው።

ከለጋሽ 45 ደም 25 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት በብርሃን በሚለይ ማሽን ውስጥ አንድ በአንድ አለፉ። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። በመቀበያው ውስጥ ስንት ቀርተው ይሆን?

ሳምንት ይቀጥላል

ክፍል ሁለት፦ ክንድ የዘረጉ ሴቶች

ካለፈው የቀጠለ

ሃያ ዘጠኝ።

ከ25 ሚሊዮን ሃያ ዘጠኝ። ከእነሱም ዘረ መላቸው በሙሉ ሊነበብ የቻለው የአሥራ ሁለቱ ብቻ ነው። አንድ የጤፍ ጎተራ አፍስሶ ሃያ ዘጠኝ ፍሬ መልቀም ማለት ነው። ከአሥራ ሁለቱ የተሠራው አንዱ አንቲቦዲ ቪአርሲ01 ተባለ። 190 ከሚሆኑ የኤችአይቪ ዝርያዎች ጋር አጋፈጡት፤ 91 በመቶውን አሽመደመደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ አንቲቦዲው የመጣበት መንገድ ነው። ቢ ሕዋስ ሲባዛ የአንቲቦዲውን ዘረ መል በትንሽ በትንሹ ይቀያይራል፤ የተሻለ የያዘው ይተርፋል፣ ያልያዘው ይሞታል። የቪአርሲ01 ዋነኛ ክፍል ዘረ መል ሲመረመር ከመነሻው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተለውጦ ተገኘ። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። በዚያ ሰው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱና ሕዋሱ ለዓመታት እግር በእግር ሲከታተሉ ኖረዋል፤ አንዱ መልክ ሲለውጥ ሌላው እጁን ሲያስተካክል።

ታዲያ ሰውየው ዳነ? አልዳነም። ያ ድንቅ አንቲቦዲ በተሠራ ጊዜ የራሱ ቫይረስ አምልጦ ሄዷል፤ ከፊሉም በሕዋሳቱ ውስጥ ተደብቋል። የደሙ ብርታት ለራሱ ዘግይቶበታል። ገና ቫይረሱ ላልደረሰበት ሰው ግን ላይዘገይ ይችላል። ለእናቴ ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና "እሱ ሳይጠቀም ነው ለሰው የሰጠው?" አለች። አዎ፣ እማዬ።

ጥያቄው እዚህ ላይ መልኩን ቀየረ። ክትባት ሰውነትን እንዲህ ያለ አንቲቦዲ እንዲሠራ ማስተማር አልቻለም። አንቲቦዲውን ራሱን በፋብሪካ አምርተን በደም ሥር ብንሰጥስ? ሰውን ይጠብቃል? የሚጠብቅ ከሆነ ክትባት መድረስ ያለበት የት እንደሆነ እናውቃለን።

ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀመረ። 4,623 ሰዎች ገቡበት። ከእነሱ 2,699ኙ በአሜሪካ፣ በብራዚል፣ በፔሩና በስዊዘርላንድ ያሉ ወንዶችና ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች ነበሩ። የቀሩት 1,924ቱ በሙሉ ሴቶች ናቸው፤ የቦትስዋና፣ የኬንያ፣ የማላዊ፣ የሞዛምቢክ፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የታንዛኒያና የዚምባብዌ ሴቶች።

ስለ እነዚህ ሴቶች በችኮላ ማለፍ አልፈልግም። እኛ አገር ሰው ግሉኮስ ሲሰካለት "ታሟል" ይባላል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። እነዚህ ሴቶች ግን ጤነኞች ናቸው። በየስምንት ሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፣ መርፌው በደም ሥራቸው ይሰካል፣ ከረጢቱ ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። አሥር ጊዜ። ከሦስቱ ምድብ በአንዱ ውስጥ ያለችው ዝቅተኛ መጠን፣ በሌላው ያለችው ከፍተኛ መጠን፣ በሦስተኛው ያለችው አንቲቦዲ የሌለበት ውሃ ነው የምታገኘው። የትኛው ምድብ ውስጥ እንዳለች እሷም አታውቅ፣ መርፌውን የሚሰካላትም አያውቅ። ጎረቤት "ለምን ትመላለሻለሽ?" ሲላት የምትመልሰውን ማሰብ አያቅተንም፤ "ያ በሽታ" እዚያም በሹክሹክታ የሚጠራ ነውና።

ማንም ሆን ብሎ ለቫይረሱ አላጋለጣቸውም። ኮንዶምም፣ ምክርም፣ የመከላከያ እንክብልም ይቀርብላቸው ነበር። የኖሩት በሽታው በበዛበት አካባቢ ነው፤ ተመራማሪዎቹ የሚጠብቁት የዕለት ተዕለት ሕይወት የሚያመጣውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ዓለምን ሲዘጋ ይህ ሙከራ ወደ ማብቂያው ደርሶ ነበር። በጃንዋሪ 2021 የምድቦቹ ምስጢር ተከፍቶ ለዓለም ተነገረ። ስሌቱን የያዙት ሰዎች በመጀመሪያ የተመለከቱት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ካገኙት መካከልና አንቲቦዲ ካገኙት መካከል ስንት ስንት ሰው ተያዘ?

ሳምንት ይቀጥላል

ክፍል ሦስት፦ ሁለት ጊዜ የተወረረችው

ካለፈው የቀጠለ

ከአፍሪካውያኑ ሴቶች ውሃ ካገኙት 29 ተይዘዋል። ዝቅተኛውን መጠን ካገኙት 28። ከፍተኛውን ካገኙት 19። በሁሉም አገር ሲደመር የተያዙት 174 ሰዎች ናቸው፤ በምድቦቹ መካከል ያለው ልዩነትም አንቲቦዲው ይከላከላል ለማለት አልበቃም።

ከሸፈ። ጋዜጦችም እንደዚያው ጻፉ። እኔም ያን ቀን ዜናውን አንብቤ ኮምፒውተሬን ዘጋሁ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ከተያዙት ሰዎች የተወሰደው ቫይረስ አንድ በአንድ ተመርምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቫይረሶቹን ለሁለት ከፈሏቸው፤ ቪአርሲ01 በቀላሉ የሚያሸንፋቸውና የማያሸንፋቸው። በቀላሉ ከሚሸነፉት ዘንድ አንቲቦዲው 75 በመቶ ያህል ተከላክሏል። ችግሩ እንዲህ ያሉት ቫይረሶች በአካባቢው ከሚዘዋወሩት 30 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ነው። ጠባቂው በርትቶ ቆሟል፤ ግን አጥሩ ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ ነው ያጠረው።

ይህን ውጤት እኔ ሽንፈት አልለውም። አንቲቦዲ ብቻውን ኤችአይቪን ከሰው ደጅ ሊመልስ እንደሚችል በሰው ላይ የታየው በዚህ ሙከራ ነው፤ ምን ያህል ብርቱ መሆን እንዳለበትም መለኪያው ተገኘ። ያን መለኪያ የሰጡን ክንዳቸውን አሥር ጊዜ የዘረጉት ናቸው። ስለዚህ አንድ አንቲቦዲ አይበቃም፤ ሌላ ቦታ የሚይዙ ሌሎች ያስፈልጋሉ።

ሌላው ከደቡብ አፍሪካ መጣ። በክዋዙሉ ናታል፣ ሳሊምና ኩዋራይሻ አብዱል ካሪም በሚመሩት ካፕሪሳ የተባለ የምርምር ማዕከል፣ በቫይረሱ ከተያዙ ገና ብዙ ያልቆዩ ሴቶች በጥናት ክትትል ይደረግላቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ ካፕ256 ትባላለች። እሷም ስም የላትም፤ ቁጥር ብቻ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የአጎቴን ካርድ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኳት፤ አሁንም እዚያው ናት።

ካፕ256 ሁለት ጊዜ ነው የተወረረችው። በመጀመሪያው ቫይረስ ከተያዘች ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ፣ ሌላ ዝርያ ገባባት። የሰውነቷ መልስ የተነሣው በዚያ በሁለተኛው ላይ ነው። ደሟ ከመነሻው ጀምሮ በየጊዜው ይወሰድ ስለነበር ተመራማሪዎቹ ፔኒ ሙር፣ ሊን ሞሪስና የቤተስዳው ቡድን የአንቲቦዲዎቿን ትውልድ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተከትለው ማንበብ ቻሉ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። የእሷ አንቲቦዲ ቫይረሱን የሚይዝበት ክፍል ከተለመደው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ያን የስኳር ሽፋን ሰንጥቆ የሚገባ ክንድ ነው። በተለይም ሲ በተባለው የኤችአይቪ ዓይነት ላይ ይበረታል።

ሲ የሚለውን ፊደል እዚህ ላይ ያዙልኝ። በደቡብ አፍሪካ የተንሰራፋው ቫይረስ ሲ ነው። በኢትዮጵያም የተንሰራፋው ሲ ነው። በዓለም ቫይረሱ በደማቸው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የተያዙት በዚሁ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ የተገኘ አንድ የሲ ዓይነት ቫይረስ ሙሉ ዘረ መል ተነብቦ ታትሟል፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው ሥዩም አየሁንዬ ናቸው። ያ ቫይረስ የአጎቴ አይደለም፤ ጥናቱ ከወንጂው ይቀድማል። ነገር ግን ካፕ256ን የወረረውና አጎቴን የወረረው ዘመዳሞች ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በካሊፎርኒያ በስክሪፕስ የምርምር ተቋም ዊልያም ሺፍ ሌላ መንገድ ያሰላስል ነበር። ቪአርሲ01ን የሠራው ሕዋስ ከመለወጡ በፊት አንድ አያት ነበረው። ያን አያት ሕዋስ አብዛኞቻችን ከነመፈጠራችን በደማችን ውስጥ ይዘነዋል፤ ከመቶ ሺዎች መካከል አንዱ ሆኖ ተኝቷል። ኤችአይቪ ራሱ አይቀሰቅሰውም። በልኩ የተሰፋ ፕሮቲን ግን ሊቀሰቅሰው ይችላል። መጀመሪያ መቀስቀስ፣ ቀጥሎ በሌላ ክትባት ወደ ቀኝ ማዞር፣ ቀጥሎ በሦስተኛ ማብሰል። ለጋሽ 45 ለዓመታት በሕመም የተማረውን በወራት ያለ ሕመም ማስተማር።

በዋሽንግተንና በሲያትል የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። 36 ሰዎች ክትባቱን ወሰዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደማቸው ሲመረመር የተፈለገው ሕዋስ በ35ቱ ሰውነት ውስጥ ነቅቶ ተባዝቷል። ይህን ሕዋስ እንዲህ የቀሰቀሰ ክትባት ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም ነበር።

አንዱ ግን አልነቃም። መጠኑ ልክ ነው፣ መርፌው ልክ ነው፣ ቀኑ ልክ ነው። ሠላሳ ስድስተኛውን ሰው ምን ጎደለው?

ሳምንት ይቀጥላል

ክፍል አራት፦ ኪጋሊና ቴምቢሳ

ካለፈው የቀጠለ

የጎደለው በውርስ ያልደረሰው ነው።

ያን አያት ሕዋስ ለመሥራት አንድ የታወቀ ዘረ መል ያስፈልጋል። ዘረ መሉ በሰው ሁሉ አለ፤ አጻጻፉ ግን እንደ "ሀ" እና "ሐ" ልዩ ልዩ ነው። ድምፁ አንድ ይመስላል፣ ቅርጹ ይለያል፤ ከቅርጾቹ አንዳንዶቹ ለዚህ ክትባት አይገጥሙም። ሠላሳ ስድስተኛው ሰው ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው የማይገጥሙትን ነበር።

ይህ ለአንድ ሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለአንድ አህጉር ግን ትልቅ ጥያቄ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ የዘረ መል ልዩነት ከዓለም ሁሉ የሰፋ ነው። በሲያትል የሠራ ክትባት በአፍሪካ ሰው ላይ ካልሠራ፣ በሽታው የበረታበት ሕዝብ እንደገና ከኋላ ሊቀር ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ አለ።

ስለዚህ ሙከራው ወደ ኪጋሊና በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ወዳለችው ቴምቢሳ ሄደ። ክትባቱ በዚህ ጊዜ እንደ ኮቪዱ በኤምአርኤንኤ የተሠራ ነው፤ ማለትም ፕሮቲኑን ሳይሆን የፕሮቲኑን አሠራር ለሰውነት የሚነግር መልእክት። የሩዋንዳና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ናሙናውን እዚያው በአገራቸው አዘጋጅተው መረመሩ። የ18 ሰዎች ደም ተመዘነ። በ17ቱ ሕዋሱ ነቅቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሳይንስ ላይ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ገና ፊደል መቁጠር ነው፤ ዳዊት መድገም አይደለም። የነቁት ሕዋሳት የሚሠሩት አንቲቦዲ ቫይረሱን ገና አያቆምም፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ምናልባትም አራተኛው ክትባት ይቀራል። በአሜሪካ በተደረገው ተጓዳኝ ሙከራ አንዳንድ ተከታቢዎች ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቷል፤ ምክንያቱ መጠናት ያለበት ነው። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1984ቱን ሁለት ዓመት የጠበቀች እናት ስላለችኝ፣ ያልበሰለውን በስሏል ብዬ ልነግራት አልችልም።

ይሁንና መንገዱ ተከፍቷል። አፍሪካውያን ተመራማሪዎችም ናሙና ላኪ ብቻ ሆነው መኖር አልፈለጉም። በደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት አስተባባሪነት፣ በፕሮፌሰር ግሌንዳ ግሬይ መሪነት፣ የስምንት የአፍሪካ አገሮች ተመራማሪዎች ብሪልያንት በሚባል ኅብረት ተሰባሰቡ። የኤችአይቪ ክትባት ለመሞከር ፈቃድ አገኙ፣ ቤተ ሙከራ አደራጁ፣ ሠራተኛ አሠለጠኑ። የገንዘቡ ምንጭ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ነበር።

ጃንዋሪ 2025። የመጀመሪያው ሰው የመጀመሪያውን መርፌ ሊወስድ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ መካከል ለተመራማሪዎቹ ኢሜይል ደረሳቸው።

ሳምንት የመጨረሻው ክፍል

ክፍል አምስት፦ መልስ ለእናቴ

ካለፈው የቀጠለ

ሥራ አቁሙ ይል ነበር።

ያኔ አዲስ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት አብዛኛው የውጭ እርዳታ እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ ይህም ሙከራ አብሮ ቆመ። ክትባቱ ተዘጋጅቷል፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ሰው ተዘጋጅቷል፤ መርፌው ግን አልተነሣም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በዱክ ዩኒቨርሲቲና በስክሪፕስ ያሉትን ሁለት ትልልቅ የኤችአይቪ ክትባት ምርምር ኅብረቶች ድጋፍ እንደማያድስ አስታወቀ። ስክሪፕስ ማለት የአያቱ ሕዋስ መቀስቀሻ የተፀነሰበት ቤት ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ ያደናቀፈው ቫይረሱ ነበር። መልኩን ለወጠ፣ ስኳር ለበሰ፣ በሕዋስ ውስጥ ተደበቀ። ተመራማሪዎቹ አንድ በአንድ ደረሱበት። በዚህ ጊዜ ግን ያቆማቸው ቫይረሱ አይደለም፤ ፊርማ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ መርፌ ጫፍ ላይ የለጋሽ 45 ደም፣ የካፕ256 ደም፣ የእነዚያ 1,924 ሴቶች ክንድ አለበትና።

አንድ የምሥራች አለ፣ እሱንም መደበቅ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ሌናካፓቪር የተባለ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ውጤት ተነገረ። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች በኤችአይቪ የተያዘች አንዲትም አልነበረችም። ዜሮ። ይህ ግን ክትባት አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ስድስት ወር ሲያልፍ ይሟጠጣል፤ ሰውነት ምንም አልተማረም። መርፌው በዓመት ሁለት ጊዜ ሊደርስላት ላልቻለች፣ መንገዱ ለተዘጋባት፣ ጦርነት ላፈናቀላት ሴት አሁንም በእናቴ ክንድ ላይ እንዳለው ያለ ጠባሳ ያስፈልጋታል።

ባለፈው እሑድ ወደ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። ካርዷን ይዤላት ሄጄ ጭኗ ላይ አኖርኳት።

"እማዬ፣ ደሙ የት እንደገባ አገኘሁልሽ።"

የከሰሉን ማራገቢያ አስቀመጠች።

በወንጂና በአቃቂ ከተሰበሰበው ደም ብዙ ጥናት ወጥቷል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ነው። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋሳቸው ብዛት ከኔዘርላንዳውያን ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። ሲዲ4 ቫይረሱ የሚይዘው በር ነው ብያለሁ፤ በር ያላቸውን ሕዋሳት መቁጠር ደግሞ ለብዙ ዓመታት ታማሚው መድኃኒት መጀመር ያለበት መቼ እንደሆነ የሚወሰንበት መለኪያ ነበር። በአውሮፓዊ ልክ የተሰፋ ቁጥር ለእኛ ሰው ልክ ላይሆን እንደሚችል የተናገረው የፋብሪካ ሠራተኛ ደም ነው። ከዚያ ደም ውስጥ የአጎቴ ይኑርበት አይኑርበት ካርዷ አትነግረኝም፤ እሱ ተሰልፎ ክንዱን መዘርጋቱን ግን ትመሰክራለች።

እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ክትባቱ ደርሷል?"

"አልደረሰም፣ እማዬ።"

"እና ለምን ደበቀን? የሚያኮራ ነገር እየሠራ፣ ለምን ደበቀን?"

ጀበናውን ከከሰሉ አንሥታ ለአቦሉ አራት ስኒ ቀዳች። ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፣ ጎረቤቶችን ጠርታ ነው። ሲገቡም ካርዷን አሳየቻቸው፤ ወንድሟ በምን እንደሞተና ደሙን ለምን ይሰጥ እንደነበር በአፏ ነገረቻቸው። "ሳንባ" አላለችም።

በእነዚያ ዓመታት በወንጂና በአቃቂ ደም የሰጣችሁ፣ ወይም የሰጠ አባት፣ እናት፣ አጎት ያላችሁ አንባቢዎቼ፦ ካርዱ ካለ አትጣሉት። ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።

ተፈጸመ